ልክ

ሰባተኛ “ለ” ፊት፣ ጠመኔ አንጠልጥዬ፣
ከሰሌዳው አናት ቀኑን ልጽፍ ብዬ፣
ክንዴን ዘርጋ ሳደርግ፣ ከግራ ጡቴ ሥር
ወጋኝ፤ ጠቅ አረገኝ የአጋም እሾህ ነገር።
“ኅዳር”ን ጀምሬ “ኅ” ላይ ቆሜ ቀረሁ፤
ሳል እንደ ያዘው ሰው ወደ ግድግዳ ዞርሁ።
“ቲቸር፣ አሞሽ ነው ወይ?” አለኝ ከኋላ ይመር።
“ዝም ብለህ ጻፍ” አልሁት። ምን ብዬ ልናገር?

ሽቦ ነው እንዳልል።
ከስፌት ሾልኮ የወጣ፣ የጨረቃ ግማሽ የሚያህል፣
በገንዘቤ የገዛሁት፣ በእጄ ያሰርሁት ውጋት፣
ጧት ጧት የምታጠቀው፣ ያላጠፋሁት ቅጣት፤
ማታ ስፈታው ጀርባዬ ላይ የሚተርፈው ሰንበር
እንደ ሐረጎ መንገድ ታጥፎ፣ ተጠማዝዞ፣ ሲዞር።

የመጀመሪያዋን አክስቴ ናት ከባቲ ያመጣችልኝ፣
“ማደጊያ ይኑራት” ብላ፣ እንደ ዩኒፎርም አስፍታልኝ።
አደግሁ አደግሁና፣ እሷን ሳልሞላት አረጀች፤
በመርፌ ቁልፍ ተይዛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ዘለቀች።
ሁለተኛውን ባሌ። ቀይ፤ ዳንቴሉ ያሳክካል።
ለሻጩ መዳፉን አጎድጉዶ “ይኼን ያህል ይሆናል”
ብሎ ገዛ። ምን ያድርግ፣ መሪ የለመደ የሹፌር እጅ ነው፤
ሁሉ ነገር ክብ፣ ሁሉ ነገር ሰፊ የሚመስለው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሰኞ ገበያ ወረድሁ፤
ጡት ማስያዣ በገመድ ላይ እንደ ቋንጣ ተሰጥቶ አየሁ።
ከሥሩ ሉባባ፤ ሜትር በአንገቷ፣ መርፌ በከንፈሯ።
“ቁጥርሽ?”
“እንጃ። ከድሮው ላይ ያነበብሁት ሠላሳ ስድስት ይላል።”
“እሱ የጨርቁ ነው። እኔ ያንቺን ነው የጠየቅሁሽ።”
የዱቄት ጆንያ መጋረጃዋን ሳበች። “አብሽሪ፣ ግቢ።”

ሜትሩ ቀዘቀዘኝ፤ የደሴ ኅዳር ነዋ።
“ተንፍሺ። እንዲያ አይደለም፣ ከሆድሽ ተንፍሺ።”
ከጡቴ ሥር አንዴ፣ ከጫፉ ላይ አንዴ፤
ቁጥሩን ክንዷ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው።

“ልክሽን እወቂ!” ይለኝ ነበር አባቴ፤
“ልኳን አሳዩልኝ!” ትል ነበር አማቴ፤
ርእሰ መምህሩም በስብሰባ መሀል ይኼንኑ አለኝ።
ሁሉም እወቂ ይላል እንጂ፣ ሜትር ይዞ መጥቶ የለካኝ፣
ስንት ነው ልክሽ ብሎ የጠየቀኝ
በአርባ ሁለት ዓመቴ
ሉባባ ብቻ ሆነች።

አንደኛው ጠበበኝ፤ በጀርባ ሽቅብ ሸሸ፤
ሁለተኛው ሰፋ፤ ፊቱ እንደ አሮጌ ሎሚ ሟሸሸ።
ሦስተኛው አመድማ። ዳንቴል የለው፣ አበባ የለው፣ ሽቦም የለው።
“ይኼ የባልቴት ነው” አልኋት። “ያንቺ ነው” አለች፣ “ልበሺው።”
ከማሰሪያው ሥር ጣቶቿን ሰደደች፤
“ሁለት ጣት ከገባ ልክ ነው፤ ሦስት ከገባ ጎረቤትም ይገባል።
እጅሽን አንሺ። ሥራሽ ምንድን ነው?”
“አስተማሪ።”
“እንግዲያስ ጻፊ!”

በባዶ አየር ላይ፣ ከጆንያው በላይ፣ ክንዴን ዘርግቼ ጻፍሁ፤
ኅ፣ ዳ፣ ር፤ ከነዓመተ ምሕረቱ ጨረስሁ።
የወጋኝ የለም።

“አምስት መቶ።” “አራት።” “ወላሂ አላተርፍም!”
ባጃጁ እስከ ሆጤ አንዱንም ጉድጓድ አልሳተም፤
እኔ ግን እራት ምን ልሥራ እያልሁ ነበር፣
ደረቴን አላስታወስሁትም።

የድሮውን ተርትሬ ሽቦውን መዘዝሁት።
የክፍላችን መስኮት መቀርቀሪያው ከወለቀ ሁለት ዓመቱ ነው፣
ጦሳ ነፋስ በላከ ቁጥር ሲንገጫገጭ ይውላል፤
በዚያች ግማሽ ጨረቃ ጠፍሬ ዘጋሁት።

“ቲቸር፣ ይኼ ምንድን ነው?” አለ ይመር፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ።
“ሽቦ ነው” አልሁት።
“ከየት መጣ?”
“ዝም ብለህ ጻፍ።”